ሙሽራዋ ንብና የወንፊቱ በር

ተረት ተረት ስላችሁ «የመሠረት» ልትሉኝ ነው፤ ዛሬ ግን «የንቦች ቤት» በሉልኝ። አላችሁ? እንግዲያው ጠጋ በሉና ስሙ።

ይህ ነገር የሆነው በጣም ድሮ ነው እንዳልላችሁ፣ ቆርቆሮና ሚስማር ወደ አገራችን ከገቡ በኋላ ነው። ትናንት ነው እንዳልላችሁ ደግሞ፣ ዕቃና እንስሳ እንደ ሰው ይነጋገሩ በነበረበት ዘመን ነው። እናንተው መካከሉ ላይ አስቀምጡት።

በአንድ ወንዝ ዳር፣ ከአንዲት ዋንዛ አጠገብ፣ አያ ደምለው የሚባል ሰው ንብ ያረባ ነበር። አያ ደምለው ደግ ሰው ነው፤ ደግነቱ ግን ፍርሃት ይበዛበታል። ውሻውን እሾህ ይወጋዋል ብሎ አስሮ ያውለዋል። ጫጩቶቹን ጭልፊት ይወስዳቸዋል ብሎ ቅርጫት ይደፋባቸዋል። እንዲህ ያለ ሰው በየመንደሩ አንድ አይጠፋም።

ንቦቹ በእበትና በጭቃ በተለሰነ ቀፎ ይኖሩ ነበር። አንድ ቀን ከከተማ ሳጥን መጣላቸው። አራት እግር አለው፤ ቢጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው። ሆዱ ውስጥ ስኳር በውኃ ተበጥብጦ የሚቀመጥበት ገንዳ እንኳ አለው። ንቦቹ ወደ ሳጥኑ ተዛወሩ፤ አሮጌው ቀፎ ዋንዛው ሥር ተጥሎ ቀረ።

ከንቦቹ መካከል ዘቢደር የምትባል በር ጠባቂ ነበረች። ዕድሜዋ ስለገፋ ሁሉም «እትዬ ዘቢደር» ይሏታል። ጠዋት ከሁሉ ቀድማ በሩ ላይ ትቆማለች፤ ማታ ከሁሉ ኋላ ትገባለች። መውለድ የንግሥት እንጂ የሠራተኛ ንብ ዕጣ አይደለም፤ ዘቢደር ግን ልጅ አሳድጋለች። አሮጌዋ ንግሥት ግማሹን መንጋ አስከትላ ሌላ አገር ስትሄድ ሁለት ሴት ልጆች ትታ ነበር፤ አንዷ ትርንጎ፣ ሌላዋ ገና ከዕንቁላሏ ያልወጣች። ሁለቱንም በአፏ እያጎረሰች ያሳደገቻቸው ዘቢደር ናት።

የንብ ወግ እንዲህ ነው። ለንግሥትነት የተወለደች ልጅ ለሠርጓ ወደ ሰማይ ትበርራለች። ድንጉላዎቹ፣ ማለት ወንዶቹ ንቦች፣ ከኮረብታው ወዲያ ይጠብቋታል። እዚያው ተድራ ትመለሳለች፤ ከዚያ ወዲያ እስክትሞት ድረስ እናት ናት። ካልበረረች ግን እናት አትሆንም፤ ቤቱም ወራሽ አያገኝም።

ትርንጎ ጊዜዋ ደረሰና በረረች። ከሜዳው ማዶ፣ በደረቀ ግራር ላይ፣ ንብ በል የሚሉት ወፍ ተቀምጦ ነበር።

ዘቢደር በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ፀሐይ ጠለቀች፤ ዘቢደር ጠበቀች። ጤዛ ወረደ፤ ዘቢደር ጠበቀች። በማግስቱ ግራሩ ሥር የክንፍ ስባሪ አገኘች። የትርንጎ ክንፍ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዷ ውስጥ የገባው ፍርሃት አልወጣም።

ቤተሰቡን ሰበሰበችና «አንድ ልጅ ቀርታናለች» አለች። «ስሟ የሻረግ ይባል። ከእሷ ሌላ ዕንቁላል የለንም። እሷ ከጠፋች እኛም የለንም። ሕግ እናውጣ።»

«እናውጣ!» አሉ ሁሉም። የፈራ ሕዝብ ሕግ ሲባል ደስ ይለዋል።

የመጀመሪያው ሕግ፦ የሻረግ በር አካባቢ ድርሽ አትበል። ሁለተኛው ሕግ፦ ማንም ንብ ከዋንዛው ወዲያ አይብረር፤ ስኳሩ በገንዳው ሞልቶ ሳለ ምን ጎድሎበት! ሦስተኛው ሕግ፦ ነፋስ የሚያስገባ ቀዳዳ ሁሉ በሙጫ ይደፈን። ሦስተኛውን ዘቢደር ራሷ ፈጸመችው። ሙጫውን በመንጋጋዋ እያላመጠች፣ የሳጥኑን ስንጥቅ አንድ በአንድ እየዞረች ደፈነች።

አያ ደምለውም በበኩሉ «የቀሩት ንቦቼ ጥለውኝ እንዳይሄዱ» ብሎ የሽቦ ወንፊት አምጥቶ በሩ ላይ በሚስማር መታው። ወንፊቱ ብልህ ዕቃ ነው። ሠራተኛ ንብ ታልፍበታለች፤ ደረቷ ሰፋ ያለው ንግሥት ግን አታልፍበትም። ንግግሩም አንዲት ብቻ ናት፤ «ቀጭን ነሽ፣ እለፊ። ወፍራም ነሽ፣ ተመለሺ።» አንዲት ነገር ብቻ ከሚያውቅ ጋር ደግሞ መከራከር እንደማይቻል ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ቤቱ ሰላም ሆነ። ወፍ አይነጥቃቸው፣ ዝናብ አይመታቸው። ዘቢደርም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥሩ እንቅልፍ ተኛች።

የሻረግ አደገች። ቁመቷ ረዘመ፤ ወገቧ እንደ ወርቅ አብረቀረቀ። መስከረም ጠባ፤ አደይ ፈነዳ። አንድ ጠዋት በወንፊቱ በኩል የገባ ብርሃን ክንፏ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ፀሐይ ነው ልጄ። አትጠጊው።»

«ያ ሜዳው ላይ ያለው ቢጫስ?»

«አደይ ነው። አሁን ስኳርሽን ጠጪ።»

የሻረግ ስኳሯን ጠጣች። በሌላ ቀን ግን ዘቢደር ዘወር ስትል ጠብቃ ወደ በሩ ሄደች። «ወንፊት ሆይ፣ አሳልፈኝ።» ወንፊቱም «ወፍራም ነሽ፣ ተመለሺ» አላት። ደግማ ሄደች። «ክንፌን አጥፌ፣ ትንፋሼን ውጬ ልለፍ።» «ወፍራም ነሽ፣ ተመለሺ።» ሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ግንባሯን ሽቦው ላይ አስደግፋ ቆመች። ወንፊቱ ሳትጠይቀው «ተመለሺ» አላት።

ዘቢደር እዚያው አገኘቻት። ልትቆጣት አፏን ከፈተች፤ የልጅቷን ፊት ስታይ ቁጣው አልመጣላትም።

«እትዬ» አለች የሻረግ፣ «ከወፉ አተረፍሽኝ፤ እግዜር ይስጥሽ። ግን ለምን እንዳተረፍሽኝ አልነገርሽኝም።»

 ዘቢደር ቤቱን ዞር ብላ አየችው። የሕፃናቱ የሰም ጎጆዎች በሙሉ ባዶ ናቸው። ሞግዚቶቹ ባዶ ጎጆ ሲወለውሉ ይውላሉ። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ እየሞቱ ነው፤ የሚተካቸው አልተወለደም። ቤቱ ከማንም ሳይጣላ፣ ማንም ሳይነካው፣ ቀስ ብሎ እያለቀ ነበር። ያን ጊዜ ዘቢደር አለቀሰች። ንብ አታለቅስም የሚል ካለ፣ እሱ ንብ አያውቅም።

ካለቀሰች በኋላ ተናደደች። ጥፋቱ ሁሉ የወፉ ነው አለችና ሕጉን ያወጣችው ራሷ ሕጉን ጥሳ፣ ከዋንዛው ወዲያ በርራ፣ ደረቁ ግራር ላይ አረፈች።

«አንተ ወንበዴ! ልጄን የበላህ!»

ወፉ መርፌዋ እንዳይደርስበት አንድ ቅርንጫፍ ሸሽቶ ተቀመጠ። «በልቻለሁ፣ እመት ንብ። ጎጆዬ ውስጥ አፋቸውን የከፈቱ ጫጩቶች አሉኝ፤ አልበላሁም ብዬ አልዋሽሽም። አንድ ነገር ግን ልንገርሽ። ቀጥ ብላ ቤቷ የምትገባ ንብ ላይ አልደርስባትም። የምይዘው ስትዞር የምትደክመውን ነው። ያቺ ልጅ ተድራ ተመልሳ ነበር።»

«ተመልሳ?»

«ተመልሳ ነበር። ዋንዛውን አንዴ ዞረችው፤ ሁለቴ ዞረችው፤ ሦስቴ ዞረችው። ቤቷን ስትፈልግ ነበር። ያ ሳጥናችሁ የቀለምና የስኳር ሽታ እንጂ የንብ ሽታ አልነበረውም። በሦስተኛው ደከማት።»

 የዘቢደር ልጅ ደጇ ድረስ መጥታ ነበር! እሷም በሩ ላይ ቆማ ነበር። መጠበቅ ጠብቃለች፤ መጥራት ግን አልጠራችም።

ወደ ቤቷ ስትመለስ ክንፏ አልታዘዝ አላትና ዋንዛው ሥር ወደቀች። የወደቀችውም አሮጌው ቀፎ አጠገብ ነበር። ቀፎው ልስኑ ረግፏል፤ እንሽላሊት ገብቶበታል። ድምፁ ግን የድሮው ነው።

«ማነሽ? የእኔዋ ዘቢደር ነሽ? አረጀሽ ልጄ።»

«አባባ ቀፎ፣ አንተ ቤት ሳለን ስንት ሙሽራ ወጣች?»

«ብዙ።»

«ሁሉም ተመለሱ?»

 «አይ፣ አልተመለሱም። አንዳንዷን ወፍ በላት፤ አንዳንዷን ነፋስ ወሰዳት። ላጽናናሽ ብዬ አልዋሽም። ከውስጤ ሳትወጣ ቀርታ እናት የሆነች ግን አንዲት እንኳ አላየሁም።»

«ታዲያ ምን ታደርጉ ነበር? ዝም ብላችሁ ትሰዷት ነበር?»

«ዝም ብሎ መስደድማ የእናት ወግ አይደለም። ረሳሽው እንዴ? ሙሽራ ስትወጣ ቤተሰቡ በሙሉ ደጅ ይወጣል። ፊቱን ወደ ቤቱ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው አድርጎ ክንፉን ያራግባል። የቤቱ ሽታ በነፋስ ላይ ይሄዳል፤ ኮረብታ ይሻገራል። ልጅቷ ያን ሽታ እየተከተለች ትመጣለች። ገመድ ማለት እሱ ነበር፤ የማያስር ገመድ። አሁን ሂጂ። አደይ ሳይረግፍ፣ የሙሽራዋም ክንፍ ሳይከብድ።»

ዘቢደር ተነሣችና ወደ ሳጥኑ ሄደች። ሳጥኑ ወጣት ነው፤ ክፋት የለበትም። ቤት ሆኖ የሚያውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ስለሆነ ይፈራል።

«ሳጥን ልጄ፣ የሻረግ መውጣት አለባት።»

«በእኔ በር?» ሳጥኑ እንጨቱ ሲጢጥ አለ። «እትዬ፣ በትርንጎ ጊዜ ሰው ሁሉ ምን አለ? ሳጥኑ አይረባም አለ። እሷም ብትጠፋብኝ ምን እሆናለሁ? ደግሞስ ወንፊቱ የት ያሳልፋታል!»

«ሌላ ቀዳዳ የለህም?»

«እኔ? እኔ ስንጥቅ የሌለብኝ...» አለና ዋጠው። ቆይቶ በቀስታ ተናገረ። «ጀርባዬ ላይ ጉጥ፣ የእንጨት ቋጠሮ፣ ነበረ። አናጺው ሲያንኳኳኝ ወለቀ፤ ቀዳዳውን በቀለም ሸፈነው። አፍሬበት ለማንም አልተናገርሁም። አንቺ ከውስጥ በሙጫ ስትደፍኚው ግን ያወቅሽብኝ መስሎኝ ነበር። ቀዳዳው ንግሥት ያሳልፋል፤ እንዲያውም ሳያስጨንቅ ያሳልፋል።»

ዘቢደር በአንቴናዋ ግድግዳውን ዳሰሰችው። «ይኼ ነውር አይደለም ልጄ። ይኼ የአንተ ጸጋ ነው።»

ከዚያ ቤተሰቡን ሰበሰበች። «ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ልሽረውም የምነሣ እኔ ነኝ» አለቻቸው። ትርንጎ ደጃቸው ድረስ መጥታ እንደነበር ስትነግራቸው ሳጥኑ ውስጥ አንድ ክንፍ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

መጀመሪያ ሁለተኛው ሕግ ተሻረ። ወጣቶቹ ንቦች ከዋንዛው ወዲያ በረሩ። ከአደዩም ከግራዋውም ቀሰሙ። ሲመለሱ እግራቸው በጽጌ ብናኝ ቢጫ ሆኖ፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ እያወሩ፣ አንዷ የሌላዋን ወሬ እያቋረጠች ነበር። ገንዳው ውስጥ ያለውን ስኳር ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ጥቂት ቀናት ሲያልፉ ሳጥኑ ማር ማር፣ ሰም ሰም፣ ንብ ንብ ማለት ጀመረ። «ይኼ የእኔ ሽታ ነው?» አለ ሳጥኑ፣ ደስ ብሎት።

ቀጥሎ ሦስተኛው ሕግ ተሻረ። ዘቢደር ጉጡ የነበረበትን ቦታ ፈልጋ፣ ያን በገዛ መንጋጋዋ የደፈነችውን ሙጫ በገዛ መንጋጋዋ ትቆረጥመው ጀመር። ሙጫው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። መንጋጋዋ ደማ። ሌሎቹ «እትዬ፣ እናግዝሽ» አሏት፤ እምቢ አላለችም። ሙጫውን ጨርሰው ቀለሙን ሲቧጥጡት በቀዳዳው ፀሐይ ገባች። ሳጥኑ «አመመኝ» ብሎ አላጉረመረመም።

የመጀመሪያው ሕግ ብቻ ቀረ። ይህኛው ከሁሉ የከበደ ነበር። ዘቢደር ወደ የሻረግ ሄዳ «ነይ ልጄ» አለቻት። እጇን ይዛ፣ ማለት እግሯን ይዛ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ አቆመቻት።

«ትፈሪያለሽ?»

«እፈራለሁ፣ እትዬ።»

«እኔም እፈራለሁ። ወፉ ግራሩ ላይ ነው፤ በዋንዛው በኩል ተሻገሪ። ስትመለሺ አትዙሪ፤ ያሸተትሽውን ይዘሽ ቀጥ ብለሽ ነይ። እንጠራሻለን።»

የሻረግ አሳዳጊዋን በአንቴናዋ ሳመቻት። ክንፏን አንዴ ሞከረችው፤ ሁለቴ ሞከረችው፤ በሦስተኛው ሰማዩ ወሰዳት።

ዘቢደር ልትከተላት እግሯን አነሣች። እዚያው መለሰችው። ፊቷን ወደ ቤቱ፣ ጀርባዋን ወደ ሜዳው አዞረችና ክንፏን ታራግብ ጀመር። ልጇ ከኋላዋ በሰማይ ላይ ሳለች ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ልጅ የላከ ያውቀዋል። ሌሎቹም በዙሪያዋ ተደርድረው አራገቡ። የማሩና የሰሙ ሽታ ከሳጥኑ ወጥቶ ሜዳውን ተሻገረ።

ፀሐይ ዘመም አለች። ሳጥኑ «መጣች?» አለ። «አልመጣችም። አራግቡ» አለች ዘቢደር።

ደመና መጣ፤ ነፋሱ ዞረ። «መጣች?» «አልመጣችም። አራግቡ።» ወጣቶቹ ደክሟቸው ተራ በተራ አረፉ፤ ዘቢደር አላረፈችም። የክንፏ ጫፍ ተሸራርፎ ይረግፍ ነበር።

ግራሩ ላይ የነበረው ወፍ ብድግ ብሎ እንደ ቀስት ተወረወረ። ሁሉም ጮኹ። ዘቢደር ዞራ አላየችም፤ አራገበች። ወፉ አፉን ገጭ አድርጎ ባዶውን ወደ ቅርንጫፉ ተመለሰ።

«መጣች?» አለ ሳጥኑ፣ በማይሰማ ድምፅ።

ዘቢደር ልትመልስለት ስትል አንድ ሙቅ ነገር ጀርባዋ ላይ አረፈ።

«እትዬ» አለች የሻረግ እያለከለከች፣ «ቤታችን እኮ ከኮረብታው ወዲያ ድረስ ይሸታል!»

ሌላውን ምን ልንገራችሁ? እልልታው ቀልጦ ሳጥኑ ክዳኑ ተንቀጠቀጠ። የሻረግ እናት ሆነች። ባዶዎቹ ጎጆዎች ሞሉ፤ ሞግዚቶቹ የሚያጎርሱት አገኙ።

ዘቢደር ከዚያ ቀን በኋላ መብረር አልቻለችም፤ ክንፏ አልቋል። የቀራትን ዕድሜ ከጉጡ ቀዳዳ አጠገብ ተቀምጣ ኖረች፤ ወጪውን ትመርቃለች፣ ገቢውን ትስማለች። ነፋስ ይገባልና ቀዳዳው ይደፈን የሚል ፈሪ ሲመጣ «ነፋሱን ተዉት፤ እሱ ነው ልጄን ያመጣልኝ» ትላለች።

አያ ደምለውስ? አንድ ጠዋት ሳጥኑን ከፍቶ ነጫጭ ዕንቁላሎቹን ሲያይ አፉን ያዘ። ጀርባውን ቢያየው ቀዳዳ አገኘ። ሊደፍነው ጭቃ አነሣ፤ ንቦቹ በቀዳዳው ሲወጡና ሲገቡ ቆሞ ተመለከተ፤ ጭቃውን ጣለው። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን ወንፊት ነቀለና ወደ ቤቱ ወሰደው። ዛሬ ወንፊቱ ማር ያጠልላል። «ቀጭን ነህ፣ እለፍ» ይላል ማሩን፤ «ወፍራም ነህ፣ ተመለስ» ይላል ሰፈፉን። ቦታውን አግኝቷልና ደስ ብሎት ይኖራል። አያ ደምለው በዚያው ቀን የውሻውንም ገመድ ፈታ፤ ጫጩቶቹን ግን እስኪያድጉ ድረስ ከቅርጫቱ አላወጣቸውም፤ ጭልፊቱም እኮ አለ።

ተረቴ ሠርጓን ጨርሳ ቤቷ ገባች። እናንተም ተረቴን መልሱ፣ አፌን በማር አብሱ፤ ስትወጡም ይህችን ይዛችሁ ውጡ፦ በሩን የቆለፈ ልጁን ያስቀራል፤ ቤቱን ያጣፈጠ ልጁን ይመልሳል።